የደላላ ብዛት

ወሎ ውስጥ፣ በአንዲት ከተማ ሆስፒታል፤ የበሬ ደላላው ጋሽ ይማም እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ ክንዱን በጎረቤቱ ልጅ በሲስተር ትርንጎ ጠረጴዛ ላይ አጋድሟል፤ ሚስቱ ዘምዘም ለነገ ቀዶ ጥገና ፎቅ ላይ ተኝታለች፣ እሱም ደም ካልሰጠሁላት ከዚህ ወንበር አልነሳም ብሏል።

ይማም፦ ውሰጂው እንጂ ትርንጎ! ክንዴ እስኪደነዝዝ ነው የምትጠብቂው? ደም በእግሩ ሄዶ መጥቶልሽ እንደ ከሳ በሬ ታገላብጪኛለሽ!

ትርንጎ፦ ጋሽ ይማም፣ ነገርኩዎት እኮ። ከእርስዎ ደም አይወሰድም።

ይማም፦ ለምን? የኔ ደም ቀይ አይደለም?

ትርንጎ፦ ቀይ ነው። በቀለሙ አልተጣላንም።

ይማም፦ እሺ፣ ሒሳቡን ላስረዳሽ። ፎቅ ላይ የተኛችው ማን ናት? ዘምዘም። ዘምዘም ምን አለባት? ደም ማነስ። እዚህ ከፊትሽ የተቀመጠው ማነው? ይማም። ይማም ምን አለበት? ደም ብዛት! ለሷ አነሳት፣ ለኔ በዛብኝ። ከበዛው ቀንሶ ላነሰው መጨመር ነው። ይሄን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት ያስፈልጋል?

ትርንጎ፦ በእመቤቴ! ይሄን ሒሳብ ማን ነገረዎት?

ይማም፦ ማን ይነግረኛል፤ ራሴ ነኝ ያወጣሁት። አላህ ሁለቱን በሽታ በአንድ ቤት ሲያሳድር በከንቱ አይደለም አልኩ። ሠላሳ ዓመት በአንድ ትራስ ተኝተን አንዱ ሞልቶ አንዱ ጎድሎ!

ትርንጎ፦ ደም ብዛት ማለት እኮ ደም በዛ ማለት አይደለም።

ይማም፦ ደም ማነስስ? እሱም ደም አነሰ ማለት አይደለም?

ትርንጎ፦ እሱ እንኳ... ማነስ ነው።

ይማም፦ አየሽ! ማነሱ ሲሆን ማነስ ነው፣ ብዛቱ ሲሆን ብዛት አይደለም! እንዲህ ያለ ሚዛን ይዘሽ በሬ ተራ ብትመጪ በዱላ ነበር የምትባረሪው።

ትርንጎ፦ ስሙ ነው ያሳሳተዎት። በሽታው የደም ግፊት ነው።

ይማም፦ ማን ገፋኝ? በገዛ እግሬ ነው የመጣሁት።

ትርንጎ፦ ደምዎ ነው የሚገፋው። የሚሄድበትን ቧንቧ ከውስጥ ሆኖ ከልኩ በላይ ይገፋዋል።

ይማም፦ በዝቶ ጠቦት ነዋ! በጠባብ በር ብዙ በሬ ሲገባ መገፋፋት ያለ ነው። ቀንሺለት፤ ይረጋል።

ትርንጎ፦ እንዲህ እየተባለ ነው ስንቱ በዋግምት ጀርባውን የተበጣው።

ይማም፦ እሱንም ሞክሬዋለሁ። ረመዳን ሊገባ ሲል ሁለት ቀንድ ሙሉ አወጡልኝ። የበሬ ቀንድ ነው ደግሞ፤ የሸጥኩት በሬ ሳይሆን አይቀርም፤ እንዲያ አድርጎ የመጠመጠኝ ቂም ቢኖረው ነው።

ትርንጎ፦ ታዲያ ወረደልዎት?

ይማም፦ ጀርባዬ ቆሰለ። ግፊቱንማ ማን ለካው።

ትርንጎ፦ እኔ አሁን ለካሁት። መቶ ሰማኒያ በመቶ አሥር።

ይማም፦ ጥሩ ዋጋ ነው?

ትርንጎ፦ ዋጋ አይደለም ጋሽ ይማም!

ይማም፦ የሰው ልክ ስንት ነው?

ትርንጎ፦ መቶ ሃያ በሰማኒያ ቢሆን ደስ ይለናል።

ይማም፦ እኔማ ከሱ አስበልጬ አውጥቻለሁ! በይ ግድ የለም፣ የጎረቤት ልጅ ነሽ፤ መሃል ላይ እንገናኝ። አንቺ መቶ ሃያ ትያለሽ፣ ማሽንሽ መቶ ሰማኒያ ይላል፤ መቶ ሃምሳ ብለን እጅ እንማታና ውሰጂኝ።

ትርንጎ፦ ግፊት በድርድር አይወርድም።

ይማም፦ በድርድር የማይወርድ ነገር እኔ ዓይቼ አላውቅም። እንግዲያው ማሽንሽ ነው የታመመው።

ትርንጎ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ሁለት ጊዜ ነው የለካሁዎት፤ በሁለቱም ክንድ። ይነሱ እስቲ፤ ሸሚዝዎን ከፍ ያድርጉልኝ።

ይማም፦ ደሞ ምን ልታደርጊ?

ትርንጎ፦ ወገብዎን ልለካ።

ይማም፦ ወገቤን? ደም የሚቀዳው ከክንድ ነው ከወገብ? ወይስ መንግሥት ደም ለሰጠ ሰው ሱሪ ማሰፋት ጀመረ?

ትርንጎ፦ ሆድዎን አይሰብስቡ። ይልቀቁት።

ይማም፦ አልሰበሰብኩም። ተፈጥሮው ነው።

ትርንጎ፦ ይተንፍሱ ጋሽ ይማም። ፊትዎ ቲማቲም መሰለ።

ይማም፦ ...እህ።

ትርንጎ፦ መቶ አሥራ ስድስት ሴንቲ ሜትር።

ይማም፦ ማሻአላህ! ሰንጋ ብሆን ገዢ በተጋፋብኝ። ስሚ፣ ይሄ ቦርጭ እንዳይመስልሽ፤ ይሄ ስም ነው። ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ ደላላ ማን ያምናል? «ይሄ ሰው ርቦት ነው የሚሸጥልኝ» ነው የሚሉት። እኔ ግን በሬ ተራ ገና ብቅ ስል፣ ከኔ በፊት ሆዴ ሰላምታ ይቀበላል።

ትርንጎ፦ ሰንጋ ለምንድን ነው የሚደልበው?

ይማም፦ ለዒድ ነዋ። ለእናንተም ለፋሲካ።

ትርንጎ፦ ከበዓሉ በኋላስ?

ይማም፦ ከበዓሉ በኋላማ ቆዳው ነው የሚሸጠው... ወሬ ቀይሪ አንቺ ልጅ።

ትርንጎ፦ ጣትዎን ይስጡኝ። ትንሽ ይወጋዎታል።

ይማም፦ ከጣት ትጀምሪያለሽ? ይሁን፤ በጠብታም ቢሆን ጀምሪ። ብቻ ቶሎ በይ፤ አንጀቴ ሊበጠስ ነው። ዘምዘም «ደም የሚሰጥ ሰው ምንም ሳይቀምስ ነው የሚሄደው» ብላኝ፣ ከትናንት ራት ወዲህ ሻይ እንኳ በአፌ አልዞረ። ደም ለሰጠ ሰው ግን ብስኩትና ለስላሳ አለ አሉ፤ እውነት ነው?

ትርንጎ፦ ምንም ሳይቀምሱ ይሂዱ አሉዎት? እትዬ ዘምዘም?

ይማም፦ እሷው ናት። መነጽሬንም ቁርኣን ልቅራበት ብላ ይዛብኛለች። «ኮሪደሩን ይዘህ ሂድ፣ የመጨረሻው በር ነው፣ የእሸቴ ልጅ ትርንጎ አለች» አለችኝ። በሩ ላይ ምን እንደተጻፈ እንኳ ሳላይ ዘው አልኩ።

ትርንጎ፦ አይ እትዬ ዘምዘም!

ይማም፦ ምነው?

ትርንጎ፦ ምንም። ስኳርዎ መቶ አሥራ ስምንት ነው። ምንም ሳይበሉ።

ይማም፦ ምን ስኳር ነው የምታወሪው? እኔ ደም ልሰጥ ነው የመጣሁት፣ አንቺ ክንድ ትይዣለሽ፣ ወገብ ትለኪያለሽ፣ ስኳር ትቆጥሪያለሽ። ጥርሴን ማየት ብቻ ነው የቀረሽ። እኛ በሬ ስንገዛ እንደዚህ ነው የምናደርገው።

ትርንጎ፦ ሻይ ሲጠጡ ስንት ማንኪያ ስኳር ነው የሚጨምሩት?

ይማም፦ በማንኪያ አልቆጥርም። ማንኪያው ቀጥ ብሎ ካልቆመ ሻይ አይባልም።

ትርንጎ፦ ከሰዓትስ በርጫው ላይ?

ይማም፦ በርጫው ላይ ለስላሳ ነው። ጫት እኮ ይመራል።

ትርንጎ፦ የድንበሩ ድንጋይ ላይ ቆመዋል ጋሽ ይማም። ገና የስኳር በሽተኛ አልሆኑም፤ ግን አንድ እግርዎን አንስተዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ቢሉት አሁን ነው ጊዜው።

ይማም፦ ይሁንልሽ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ግፊቱን የለካሽው ክንዴ ላይ ነው። ቦርጬ ሆዴ ላይ ነው። ስኳሩ ጣቴ ላይ ነው። ሦስቱ በምን ተገናኙ?

ትርንጎ፦ በደላላ።

ይማም፦ ኧ?

ትርንጎ፦ እውነቴን ነው። ስኳር በልተው ደም ውስጥ ሲገባ፣ በራሱ ዘው ብሎ ወደ ሥጋዎ አይገባም። የሚያገናኝ ይፈልጋል። ቆሽት የምትባል አለች፤ ኢንሱሊን የሚባል ታወጣለች። እሱ በየበሩ እየዞረ «ስኳር መጥቷል፣ ክፈቱ፣ ተቀበሉ» ይላል።

ይማም፦ በሰው ገላ ውስጥ ደላላ አለ?

ትርንጎ፦ አለ።

ይማም፦ አላሁ አክበር! ይሄን ለዘምዘም ንገሪልኝ። «መደለል ሥራ አይደለም» እያለች ሠላሳ ዓመት አቃጥላኛለች፤ ለካ አላህ ራሱ ያለ ደላላ ሰው መፍጠር አልሆነለትም!

ትርንጎ፦ አስተግፊሩላህ አይሉም እንዴ?

ይማም፦ አስተግፊሩላህ። ቀጥይ።

ትርንጎ፦ ያ አንጀትዎን የከበበው ስብ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ይመስልዎታል። አይደለም። ቀኑን ሙሉ ነገር ያመላልሳል። በየበሩ ያሉትን ገዢዎች ያሳምፅብዎታል። በኋላ ደላላው በር ላይ ቆሞ ቢጮህ ቢጮህ የሚከፍትለት ያጣል።

ይማም፦ ሰሚ ያጣ ደላላ... አይ! ወላሂ በጠላቴ አይድረስ።

ትርንጎ፦ እርስዎ ገዢ ጆሮ ሲነፍግዎት ምን ያደርጋሉ?

ይማም፦ ጓደኞቼን እጠራለሁ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ እኔ ከፊት ሆነን እናጮህበታለን። ግራ ሲገባው ይገዛል።

ትርንጎ፦ ቆሽትዎም ያደረገችው ይሄንኑ ነው። አንዱ አልሰማ ሲላት ሌላ ላከች፣ ሌላ ላከች። ገላዎ አሁን በደላላ ተጥለቅልቋል።

ይማም፦ ገበያው ደራ በይኛ።

ትርንጎ፦ ገበያው አይደለም የደራው፤ ጩኸቱ ነው። ጩኸት ደግሞ ለታሰበለት ጆሮ ብቻ አይሰማም። አጠገብ ኩላሊት የሚባል ጎረቤት አለ። የደላላውን ጩኸት ሲሰማ «ጨው ያዝ!» የተባለ ይመስለዋል። ከሽንት ጋር ሊለቀው የሚገባውን ጨው አንቆ ይይዛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት፣ ኩላሊትዎ እንደዚያ ሆኗል።

ይማም፦ ጨው ቢይዝ ምን አለበት? ጨው በረከት ነው።

ትርንጎ፦ በሬ ጨው ሲልስ ቀጥሎ ምን ይፈልጋል?

ይማም፦ ውሃ ነዋ።

ትርንጎ፦ ውሃውን ከጠጣ በኋላስ?

ይማም፦ ይነፋል። ይሄማ የታወቀ ነገር ነው። አንዳንዱ ነጋዴ ለገበያ ሲነሳ በሬውን አሞሌ ያልሰዋል፣ ከወንዝ ሲደርስ እስኪበቃው ያጠጣዋል፤ ገበያ ላይ ሆዱ ተወጥሮ የደለበ ይመስላል። የገዛው ምስኪን ቤቱ ወስዶ ሲያሳድረው፣ በሬው ሲሸና አድሮ ጠዋት አጥንቱ ተቆጥሮ ይገኛል። እኔ አላደርገውም... ሲደረግ አይቻለሁ እንጂ።

ትርንጎ፦ ኩላሊትዎ ያንን ነው በእርስዎ ላይ እያደረገ ያለው። ጨው አልሶ ውሃ ይሞላዎታል።

ይማም፦ እኔን? የበሬ ተራን ብልሃት በኔው በይማም ላይ?

ትርንጎ፦ በእርስዎ ላይ። ውሃው ደግሞ ሌላ የትም አይሄድም፤ ደም ውስጥ ነው የሚገባው።

ይማም፦ ቆይ ቆይ ቆይ! ደም ውስጥ ገባ? በዛ ማለት ነዋ! ታዲያ ከጠዋቱ ጀምሮ ምን እያልኩሽ ነው? በዝቷል! አምጪ መርፌሽን!

ትርንጎ፦ ጋሽ ይማም፣ አሞሌ አልሶ ውሃ የተሞላ በሬ ደለበ ይባላል?

ይማም፦ አይባልም። ተነፋ ነው የሚባለው።

ትርንጎ፦ የተነፋ በሬ ለዘመድዎ ይሸጣሉ?

ይማም፦ ለዘመድ? ምን በወጣኝ!

ትርንጎ፦ ለእትዬ ዘምዘምስ?

ይማም፦ አንቺ ልጅ ግን አባትሽ እሸቴ እንዲህ ነገረኛ አልነበረም። ከየት አመጣሽው?

ትርንጎ፦ ገና አልጨረስኩም። ሌላም ጎረቤት አለ፤ ነርቭ። እሱ ደግሞ ደንጋጭ ነው። የደላላ ጩኸት ሲበዛ ግርግር የተነሳ ይመስለዋል። ልብን «ሩጥ!» ይለዋል፣ የደም ቧንቧውን «ጥበብ!» ይለዋል።

ይማም፦ የበሬ ተራን በር አጥቦ በሬውን ማስሮጥ! መረጋገጥ ይሆናል እኮ!

ትርንጎ፦ ቧንቧውም ራሱ ስኳርና ስብ ሲመላለስበት ከርሞ እንደ ደረቀ ጠፍር ሆኗል። ዘርጋ ቢሉት አይዘረጋም። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ናቸው መቶ ሰማኒያ ያወጡት።

ይማም፦ ይሄ ሁሉ ሲሆን ተው የሚል ጠፋ? ዳኛ የለም? ዘበኛ የለም?

ትርንጎ፦ ነበረ። እዚህ አንገትዎ ጋ፣ የደም ቧንቧው ላይ ጠባቂ አለ። ግፊት ከፍ ሲል «ውረድ»፣ ዝቅ ሲል «ውጣ» እያለ ልኩን ያስጠብቃል። ታዲያ ግፊቱ ሁልጊዜ ከፍ ካለ፣ ጠባቂውም እየቆየ ይለምደዋል። መቶ ሃያ ላይ ይጮህ የነበረው፣ መቶ ሠላሳን እሺ አለ፣ መቶ ሃምሳን እሺ አለ። አሁን መቶ ሰማኒያን ልክ ነው ብሎ ተቀምጧል።

ይማም፦ ተደራደረ በይኛ!

ትርንጎ፦ እንደ እርስዎ። መሃል ላይ እየተገናኘ።

ይማም፦ እጅ ተማታ! ጉድ እኮ ነው። እና ስሙ ማነው የኔ በሽታ? ቦርጭ ልበለው፣ ስኳር ልበለው፣ ግፊት ልበለው?

ትርንጎ፦ አንድ አይደሉም፤ ማኅበር ጠጥተው ነው የመጡት። ብቻ ብቻቸውን ቢሆኑ ያን ያህል ባልፈራኋቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው።

ይማም፦ አንበሳ ስላልሽኝ እግዜር ይስጥሽ።

ትርንጎ፦ የታሰረ አንበሳ ነው ያልኩት።

ይማም፦ እንግዲያው ስሙ ደም ብዛት አይደለም። የደላላ ብዛት ነው። ለሰው እንዲህ ብላችሁ ብትናገሩ ኖሮ ማን ዋግምት ይሄድ ነበር? እኔም ጀርባዬ ባልቆሰለ።

ትርንጎ፦ አምና የታዘዘልዎት ኪኒን የት ደረሰ?

ይማም፦ የቱ ኪኒን?

ትርንጎ፦ ጋሽ ይማም።

ይማም፦ እ... ያኛው። አንድ ወር ዋጥኩት፣ ዳንኩ። የቀረውን ለጓደኛዬ ለሐሰን ሰጠሁት፤ እሱም ራሱን ያመው ነበር።

ትርንጎ፦ ኪኒን ያበድራሉ እንዴ? እሺ፣ መዳንዎን በምን አወቁ?

ይማም፦ አላመመኝማ!

ትርንጎ፦ ግፊት እኮ አያምም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ሲያምዎት አንድ ጊዜ ነው፤ ያኔ ምላስዎ ተሳስሮ ሐሰንን በስሙ መጥራት ያቅትዎታል። ደላላ ያለ ምላስ ምን ይሠራል?

ይማም፦ አፍሽ ላይ ጨው! በጠዋት አታሟርቺብኝ።

ትርንጎ፦ ጨው ይቅርብዎ ነው የምለው፣ እርስዎ አፌ ላይ ሊጨምሩልኝ! ደረጃውን ወጥተው እትዬ ዘምዘም ጋ ሲደርሱ ስንት ጊዜ ነው የሚያርፉት?

ይማም፦ አላርፍም። ቆሜ መስኮት ነው የማየው።

ትርንጎ፦ በደረጃው ላይ እኮ መስኮት የለም።

ይማም፦ ...የለም?

ትርንጎ፦ የለም።

ይማም፦ ተይኝ እስቲ ትርንጎ። ተይኝ። ላንቺ ቀላል ነው፤ ሐኪም ነሽ፣ ማሽን አለሽ። እኔ ምን አለኝ? ሐኪሙ «ደም ካልተገኘ አንከፍታትም» ሲል ዘምዘም አየችኝ። በክፍሏ የተኙት ሴቶች ሁሉ እየሰሙ «የኔ ደም እያለ ማንን ትለምኛለሽ!» አልኳት። ፈገግ አለች። ስንት ጊዜ ሆኗት መሰለሽ ከሳቀች! እኔ ቀዶ ጥገና አላውቅ፣ መድኃኒት አላውቅ፤ የማውቀው መደለል ነው። ሞትን ደሞ ደልዬ አልችለውም። ፈርቻለሁ፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል። ቤት ስገባ ድምጿ የለም፤ ዕቃው ሁሉ ያስቀመጠችበት ነው፤ እኔ ግን ማንኪያ ፈልጌ አላገኝም። ያለኝ ይሄ ደም ብቻ ነው። እሱንም አንቺ አይሆንም አልሽኝ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆንኩ።

ትርንጎ፦ ጋሽ ይማም...

ይማም፦ አይ፣ በቃ። ተነሳሁ። ሌላ ክፍል፣ ሌላ ነርስ አላጣም። ወገብ የማትለካ።

ትርንጎ፦ ይሂዱ። ደም የሚወሰደውም ሌላ ክፍል ነው።

ይማም፦ ምን አልሽ?

ትርንጎ፦ ደም የሚወሰደው ከግቢው ማዶ፣ ቢጫው ቤት ነው። እዚህ ማንም ደም ሰጥቶ አያውቅም።

ይማም፦ ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ በሩ ላይ ተጽፏል። «የደም ግፊትና የስኳር ክትትል»።

ይማም፦ ዘምዘም ግን የመጨረሻው በር... ትርንጎ አለች... ሰው አሳሳታት ማለት ነው?

ትርንጎ፦ መነጽርዎን ማን ነው የያዘው?

ይማም፦ እሷ። ቁርኣን ልትቀራበት።

ትርንጎ፦ እትዬ ዘምዘም ቁርኣን በቃላቸው አይደለም እንዴ የሚቀሩት? አጥር ለአጥር ሆነን ስሰማቸው አይደለም ያደግሁት?

ይማም፦ ...በቃሏ ነው።

ትርንጎ፦ ምንም ሳይቀምሱ ይሂዱ ያሉዎትስ? ደም የሚሰጥ ሰው እኮ በልቶ ነው የሚመጣው። ሆዱን ባዶ አድርጎ የሚመጣው ስኳሩን የሚለካ ሰው ነው።

ይማም፦ ሱብሃነላህ!

ትርንጎ፦ እኔም ደም ልውሰድ አላልኩዎትም። ያስታውሱ። ከመጡ ጀምሮ «አይወሰድም» ነው ያልኩት።

ይማም፦ ደሙስ? እሷ እኮ ነገ ልትገባ ነው! ለቀልድ ብላ ያለ ደም...

ትርንጎ፦ አብሽሩ። የወንድማቸው ልጆች ከገጠር መጥተው ሰጥተዋል። ደሙ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ይማም፦ እኔ ሳላውቅ!

ትርንጎ፦ ቢያውቁ እዚህ ይመጡ ነበር?

ይማም፦ ምን በወጣኝ።

ትርንጎ፦ ስንት ጊዜ ነው ተመርመር ያሉዎት?

ይማም፦ አፏ እስኪደርቅ ነው የለመነችኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ አሳሳቅኋት። ለካ እሷ ደግሞ... ኧረ ዘምዘም! ኧረ አንቺ ሴት! ጠቦት በበሬ ዋጋ የሸጥኩ ሰውዬ፣ ያልደለልኩት ነጋዴ የለም፣ ሚስቴ አልጋ ላይ ተኝታ ደለለችኝ? መነጽሬን ነጥቃ፣ ቁርሴን ከልክላ፣ በገዛ አፌ «ደም አለብኝ፣ በዝቶብኛል» እያሰኘች ከጠላቴ በር ላከችኝ? በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ትርንጎ፦ አሁንስ ገደሉ ታየዎት?

ይማም፦ መነጽር እንኳ ሳላደርግ።

ትርንጎ፦ የቀረውን ልንገርዎት? ትናንት ሐኪሙ ሊያያቸው ገብቶ ነበር። ምን እንዳሉት ያውቃሉ? «ይማም መድኃኒቱን ሲጀምር በዓይኔ ካላየሁ ከዚህ አልጋ አልነሳም። እኔን አድናችሁ ለማን ልትመልሱኝ ነው?»

ይማም፦ እንዲህ አለች?

ትርንጎ፦ እንዲህ አሉ። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር።

ይማም፦ ...ለማን ልትመልሱኝ ነው።

ትርንጎ፦ አዎ።

ይማም፦ እኔ ደግሞ ለሷ ፈርቼ። እሷ እዚያ ተኝታ ለኔ ፈርታ። ዓይኔ ውስጥ ትንኝ ገባ መሰለኝ፤ ሶፍት አለሽ?

ትርንጎ፦ አለ። ይኸው።

ይማም፦ እሺ። ዋጋሽን ጥሪ።

ትርንጎ፦ ኪኒን በየቀኑ። ሐኪሙ ዛሬውኑ ያይዎታል፣ እሱ ነው የሚያዘው። ዳንኩ ብሎ ማቆም የለም፣ ለሐሰን ማበደር የለም።

ይማም፦ በሳምንት ሁለቴ እናድርገው።

ትርንጎ፦ በኪኒን ድርድር የለም አልኩ።

ይማም፦ እሺ። ሌላ?

ትርንጎ፦ ጨው ይቀነስ። ለስላሳው ይቅር። በርጫውም ልብዎን ከሚያስሮጡት አንዱ ነው፤ እሱም ይቅር። ሻይ ያለ ስኳር።

ይማም፦ ያለ ስኳር? የሬሳ ማጠቢያ ውሃ ልጠጣ? ሦስት ማንኪያ።

ትርንጎ፦ ባዶ።

ይማም፦ ሁለት። የልጅነትሽን፣ አዝዬ ያሻገርኩሽን ወንዝ አስቢ።

ትርንጎ፦ ለአንድ ወር አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ ባዶ። ማንኪያውም የሚተኛ እንጂ የሚቆም አይደለም።

ይማም፦ እንዴ! ግፊት በድርድር አይወርድም ስትይኝ አልነበር?

ትርንጎ፦ ግፊቱ አልወረደም፤ እኔ ነኝ የወረድኩት። ደግሞ በሬ ተራ በባጃጅ መሄድ ቀረ። በእግር።

ይማም፦ ሰው «ይማም ከሰረ» ይለኛላ! ቦርጩስ ሲሟሽሽ ስሜን በምን ላቆመው?

ትርንጎ፦ ስምዎንማ ፎቅ ላይ ይዘውልዎታል። ከመነጽርዎ ጋር።

ይማም፦ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ዘምዘም ከመጀመሪያውም የኔ ደም አያስፈልጋትም ነበር ማለት ነው? ፈገግታዋም ለድለላ ነበር?

ትርንጎ፦ ያስፈልጋቸዋል እንጂ ጋሽ ይማም። ግን በከረጢት አይደለም። እዚያው እርስዎ ውስጥ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ እየዞረ። አሁን ፎቅ ላይ መልስ እየጠበቁ ናቸው። ወጥቼ ምን ልበላቸው?

ይማም፦ እጅሽን ወዲህ በይ። ዘርጊው፣ እንዲህ። መቺ! ...በቃ፣ ተሸጧል በያት።